እትዬ መርፌ ያላወቋቸው ግዢዎች

እትዬ መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ቀጭን ስለሆኑ ነው የሚል አለ፤ ሲገቡ ሲወጡ ድምፅ ስለማያሰሙ ነው የሚልም አለ። እሳቸው ስሙን በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ከማለት በቀር ምክንያቱን ጠይቀው አያውቁም። የሴቶች ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ስትሆን፣ በአንድ በኩል ከፎቶ ቤት፣ በሌላ በኩል ከቁልፍ ቀራጭ ጋር ትዋሰናለች። በሩ አጠገብ የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው ጀርባ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ጎን የልብስ መለኪያ መጋረጃው አለ። ክሩ በየቀለሙ ተደርድሮ ግድግዳው ላይ ከተመቱት ምስማሮች ላይ ተሰክቷል። አንዱ ጥቅልል ቦታውን ከለቀቀ እትዬ መርፌ ሥራ አይሆንላቸውም።

አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ብቻ ናት። ልጃቸው የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ከካምፕ ካምፕ ሲዞር ይከርማል። ሚስቱን አምጥቶ እናቱ ዘንድ ያስቀመጣት፣ "ሁለታችሁም ብቻችሁን ከምትሆኑ" ብሎ ነው። ምራቲቱ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ አማትና ምራት እንደ እንግዳ ነበር የሚተያዩት፤ አንዷ ታፍራለች፣ ሌላዋ ትፈራለች። ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው ከሥራ መልስ ሻይ ይዘው ጎን ለጎን መቀመጥ የጀመሩት። ምራቲቱ የዕለቱን በሽተኞች ማቃሰት እያስመሰለች ስታወራ፣ እትዬ መርፌ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ያ ሳቅ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር። ባላቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የገባው በዚህች ልጅ ነው።

ነገሩ የመጣው በዚህ መሀል ነው። እትዬ መርፌ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና በዱቤ ሊገዙ ፈልገው፣ ሻጩ "የባንክ ስቴትመንት ያምጡ" አላቸውና ሄደው አስወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ወስዶ ያስረክብ ነበር። እሳቸው ግን ስፌት ሳይመረምሩ ከእጃቸው አውጥተው አያውቁም። ወረቀቱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ማስመሪያቸውን ከእያንዳንዱ መስመር ሥር እያስጠጉ ማንበብ ጀመሩ። መብራት፣ ውሃ፣ ጨርቅ፣ ክር። ከዚያ ማስመሪያው ቆመ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ፣ በጆሯቸው ሰምተውት የማያውቁት ስም አለ። ጎኑ ላይ የኦንላይን ግዢ ይላል። ዝቅ ሲሉ ያው ስም። ገና ዝቅ ሲሉ አሁንም ያው ስም። ለመኪናው ብለው ካጠራቀሙት ላይ ደህና አድርጎ ገምጦበታል።

ማስመሪያቸውን አስቀምጠው ስልካቸውን አዩት። ያስጨነቃቸው ብሩ ብቻ አልነበረም። ካርዳቸውን ስልካቸው ላይ የመዘገበችላቸው ምራታቸው ናት፤ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅም እሷ ብቻ ናት።

በዚህ ላይ ጎረቤታቸው ባለፎቶ ቤቷ መጣች። ለልጇ ምርቃት የምትለብሰው ቀሚስ እትዬ መርፌ ዘንድ ስለነበር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝባት "ከምን ደረሰ?" እያለች ብቅ ትላለች።

"ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ ቀለሙን እንደለቀቀ ጨርቅ የሆነው?"

እትዬ መርፌ መዋሸት አይሆንላቸውም። ወረቀቱን አሳዩዋት። ባለፎቶ ቤቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችው።

"ይሄማ ምን ያጠያይቃል? ምራትሽ ናታ።"

"ተይ እባክሽ።"

"ምኑን ነው የምተወው? ኦንላይን ገዢዋ አንቺ ልትሆኚ ነው? ስልክ ሲጠራ እንኳ ይቅርታ ጠይቀሽ ነው የምታነሺው።"

"ልጅቷ ጨዋ ናት።"

"ጨዋ ዕቃ አይገዛም ያለሽ ማነው? የዛሬ ልጆች እኮ በአንድ ጣት ነው ቤት የሚያፈርሱት። ከፈራሽ እኔ ልጠይቅልሽ፤ እኔ እንደሆንኩ አላፍር።"

"እንዳትሞክሪው" አሉ እትዬ መርፌ። ድምፃቸው ለራሳቸውም አዲስ ሆነባቸው።

ያን ቀን ምራቲቱ ከሥራ ስትመለስ እግሯ ላይ አዲስ ጫማ ነበር። እትዬ መርፌ ላለማየት ብለው ዓይናቸውን ወደ መኪናው መለሱ፤ ዓይን ግን እንቢ አለ። ጥርጣሬ እንደ ብል ነው፤ ሳጥን ውስጥ አንዴ ከገባ የሚበላው ደህናውን ጨርቅ ነው። ልጅቷ ክሊኒክ ውስጥ የማደንዘዣ መርፌ ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ስለሮጠ አንድ ግዙፍ ወታደር አወራች። እትዬ መርፌ አልሳቁም።

"አሞዎታል እንዴ እማማ?"

"ድካም ነው ልጄ።"

በማግስቱ ባንክ ሄዱ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ረጋ ያለ ወጣት ነበር። ወረቀቱን አይቶ አንድ ፎርም ሰጣቸው።

"ግዢውን አላውቀውም ካሉ ካርዱን እናግዳለን፣ ቅሬታዎንም እንቀበላለን። ብቻ እዚህ ላይ፣ ስልክዎን የሚነካ ሰው ካለ ስሙን ይጻፉልን።"

"ከጻፍኩትስ ምን ይሆናል?"

"ይጣራል። ሰውየው ሊጠራ ይችላል።"

እትዬ መርፌ እስክሪብቶውን ያዙ። ጀርባቸው በኩል ባለው አግዳሚ ላይ ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ምራታቸው እዚያ መሀል ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጠራ ታየቻቸው። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል እንኳ እጃቸው ሊጽፈው አልቻለም።

"የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ቤት ጠይቄ ብመጣስ?"

"እሱማ ይሻላል እናቴ። ብዙው ሰው የገዛውን ራሱ ረስቶት ነው የሚመጣው። ሱቁ የሚታወቅበት ስም ሌላ፣ ብር የሚሰበስብበት ስም ሌላ ይሆናል። ስልክዎ ላይ የታዘዙ ዕቃዎች ዝርዝር ካለ እሱን ከፍተው ይዩ።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እትዬ መርፌ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ተረት ኖረዋል፤ ጥሩ አድርጎም አኑሯቸዋል። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ይሄኛው ዝምታቸው ከትናንት ወዲህ እየነቀዘ መሆኑ ታወቃቸው። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ነው የሚሻለው ብለው ቆረጡ።

ምራቲቱ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጉት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽና አትቀየሚኝ። ይሄን ስም ታውቂዋለሽ?"

ልጅቷ አነበበችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ።

"እኔ የገዛሁ መስሎዎት ነው?"

"አላልኩም።"

"ጠርጥረዋል ግን።"

እትዬ መርፌ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት። "ጠርጥሬያለሁ። ትናንት ጫማሽን ሳየው ጠረጠርኩ።"

ምራቲቱ ጫማውን አየችው። ከዚያ አንዱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ፣ ስቴትመንቱ ጎን አስቀመጠችው። አፍንጫው ውስጥ የተጠቀጠቀ ነጭ ጥጥ ነበር።

"የጓደኛዬ ነው፤ በቁጥር ይበልጠኛል። የእኔ ተረከዙ ተነቅሎ መንገድ ላይ ቀረ። ጥጡ ግን የክሊኒኩ ነው። የስርቆት ክስ ከፈለጉ በእሱ ይክሰሱኝ።"

እትዬ መርፌ መሳቅም ማልቀስም አማራቸው። ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከንፈሯን ገና እንደነከሰች ነበረች፤ እጇ ግን ተዘረጋ።

"ስልክዎን ይስጡኝ እስቲ። ባንክ ጠይቀዋል? ምን አሉዎት?"

የሰሙትን ነገሯት። ልጅቷ ስልኩ ላይ እትዬ መርፌ ለደንበኞች የዳንቴልና የቁልፍ ስዕል የሚያሳዩበትን፣ የመቀስ ምልክት ያለበትን የኦንላይን ሱቅ ከፈተች።

"ባለፈው የስፌት መኪናውን መርፌ ያዘዝኩልዎት እዚህ ነው። ካርዱን ከሱቁ ሳላወጣው ረስቼዋለሁ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።" የታዘዙትን ዝርዝር ነካችው፤ ስዕሎች ተደርድረው ወጡ። "ይኸው፣ ቀኑም ይገጥማል። ያውቋቸዋል?"

እትዬ መርፌ መነጽራቸውን አደረጉ። ስሙን ባያውቁትም ዕቃዎቹን በአንድ ዓይን ለዩአቸው።

"ይሄ ነጭ ዳንቴል የባለፎቶ ቤቷ ነው። የሉል ቁልፎቹ የአዋላጇ። ሰማያዊው ገበር የመምህሯ።"

"እነሱ ናቸው ያዘዙት?"

"ኧረ ማንም አላዘዘም። መረጡ እንጂ።"

"እንዴት አድርገው ነው የሚመርጡት?"

"ስልኩን እሰጣቸዋለሁ፤ ያያሉ። እንዳይጠፋብኝ፣ የወደዳችሁት ላይ ቀዩን ንኩልኝ እላቸዋለሁ። ቀዩን ልብ።"

ምራቲቱ አንድ ዳንቴል ከፍታ ስልኩን ወደ እሳቸው አዞረችው። ልቡ ከላይ ጥግ ላይ ነበር፤ ባዶና ነጭ። የሚቀላው ሲነካ ነው። ገጹ ላይ ቀይ የነበረው ነገር ከታች ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው፣ በእንግሊዝኛ "አሁን ይግዙ" የሚለው ብቻ ነው።

እትዬ መርፌ ደጋግመው አዩት። እሳቸው ልቡን ያዩት አንዴ ቀልቶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ምንጊዜም ቀይ ነው።

"መልእክት አልመጣልዎትም?"

"በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ማስታወቂያ ነው ብዬ እንደ ብጥስጣሽ ክር ሁልጊዜ እጠርገዋለሁ።"

ውጭ የባለፎቶ ቤቷ የብረት መዝጊያ ሲንኳኳ ተሰማ። እትዬ መርፌ በራቸውን ከፍተው ጠሯት።

"ያን ዕለት ዳንቴሉን ስትመርጪ ምን ነበር የነካሽው?"

"ቀዩን ነዋ። ራስሽ አይደለሽ ያልሽኝ? ነካሁት፣ 'ታንክ ዩ' ብሎ ጻፈልኝ። ባለቤቱን የመሰለ ጨዋ ስልክ ነው አልኩ።"

ምራቲቱ መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ነገሩን ሲያስረዷት ባለፎቶ ቤቷ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

"ታዲያ ሌባዋ እኔ ነኛ?"

"አንቺ፣ አዋላጇና መምህሯ" አሉ እትዬ መርፌ። "አለቃችሁ ደግሞ እኔ።"

ባለፎቶ ቤቷ ወደ ምራቲቱ ዞረች። ልማዷ ባይሆንም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ልጄ፣ ትናንት ስላንቺ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።"

"አልጠይቅዎትም። ዳንቴሉ ግን እዚህ እንደሚለው ፖስታ ቤት ደርሶ እየጠበቀዎት ነው፤ ሂሳቡንም እርስዎ ይዘጋሉ።"

"እዘጋለሁ እንጂ። ደግሞስ ሳልፈልግ መች መረጥኩት።"

ቁልፎቹና ገበሩ ገና ስላልተላኩ ልጅቷ እዚያው ሰረዘቻቸው፤ ብሩ በጥቂት ቀን እንደሚመለስ ስልኩ ጻፈ። እትዬ መርፌ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና እፎይ አሉ። ከትናንት ጀምሮ ደረታቸው ላይ የተቋጠረው ነገር ሲፈታ ተሰማቸው፤ ሻይ እንኳ አማራቸው። ለመኪናው ያጠራቀሙት ብር ትዝ ያላቸው ብዙ ቆይቶ ነው።

ባለፎቶ ቤቷ ከሄደች በኋላ ምራቲቱ ፎርሙን አየችው። ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር።

"ከጠረጠሩ ለምን አልጻፉኝም?"

"ወረቀት ላይ የወረደ ስም እንደ ስፌት አይተረተርም ልጄ። ተሳስቼ ቢሆንስ? ይልቅ ሳልጠይቅሽ በማደሬ ይቅር በይኝ።"

"የስልክዎን መክፈቻ ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔም እርስዎን ብሆን ኖሮ እኔን እጠረጥር ነበር" አለችና ስልኩን አነሣች። "አሁን ካርዱን እናውጣው። ከዚህ በኋላ ቀዩንም ነጩንም ቢነኩ ምንም አይመጣም።"

ካርዱን አውጥታ ስልኩን መለሰችላቸው። እትዬ መርፌ እውነተኛው ቀይ ልብ የት እንደሚቀመጥ ለማየት ከላይ ያለውን የልብ ምልክት ነኩት፤ የተመረጡ ዕቃዎች ዝርዝር ወጣ። ከደንበኞቻቸው ሁሉ የአንዲቷ ምርጫ እንኳ እዚያ የለም። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሣር የመሰለ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ልቡ ቀልቶ።

"ይሄስ የማነው? አረንጓዴ የፈለገች ደንበኛ የለችኝም።"

ምራቲቱ ስልኩን ልትወስድ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።

"የእኔ ነው። ያኔ መርፌውን ሳዝዝልዎት አየሁት። ወደድኩትና ልቡን ብቻ ነክቼ ተውኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጠሽ?"

"የሰው ሥራ በላይ በላዩ እየመጣብዎት፣ የእኔን እንዴት ልበል? አፈርኩ።"

እትዬ መርፌ ከአንገታቸው ላይ ሜትሩን አወረዱ።

"ተነሺ እስቲ" አሉ። "ያቺንም የቀረችውን አንድ እግር ጫማ አውልቂያት፤ ቁመትሽን ታሳስተኛለች።"