ከመኪናው የወጣው የአዴ ሸጊቱ ጩኸት

ይህ ነገር የደረሰው አምና፣ የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ አሰላ ነው። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም፤ ስለዚህ ልርሳው ብልም አልችልም። ፊደል የለየሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ሸካራ ነው። ነገሩም ሸካራ ነው።

ከከተማው በላይ፣ ወደ ጭላሎ በኩል፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር ቪላ እጠብቃለሁ። ሦስት ሙዚቀኞች ተከራዩት። አንዱ ፒያኖ፣ አንዱ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ አንዱ ድራም ይመታል። ዘፋኝ የላቸውም። ጃዝ ነው አሉኝ። ሳሎኑን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፍነው ስቱዲዮ አደረጉት። አልበም ሊቀርጹ ነው፤ ግማሹ ሁላችንም የምናውቃቸው የድሮ ዜማዎች፣ ግማሹ የራሳቸው ድርሰት። የማውቀውን ዜማ ይጀምሩና፣ ያዝኩት ስል ጥለውት ይሄዳሉ።

"ጋሼ፣ የዛሬውስ እንዴት ነበር?" ይለኛል ድራም የሚመታው ናሆም፣ ሊያሾፍብኝ።

"ቤቱን የምታፈርሱት መስሎኝ ለባለቤቱ ልደውል ነበር" እለዋለሁ። ይስቃል።

ፒያኖ ተጫዋቹ ዳንኤል ያደገው እዚሁ ነው። አባቱ ተመድበው የመጡ አስተማሪ ነበሩ። በልጅነቱ የሰማው የሲንቄ ጩኸት ከአእምሮው አልወጣም። ሲንቄ እኛ ጋ ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሴት ስትበደል፣ ወይም ወንዶች ሊጋደሉ ሲሉ፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እየጮኹ ይወጣሉ። ያን ጩኸት የሰማች ሴት ሊጥ እያቦካች ቢሆን እንኳ ትታው ትሮጣለች። ሴቶቹ መሀል ሲገቡ ወንድ እጁን ያወርዳል። ያላወረደ ይረገማል።

ዳንኤል ይህን ጩኸት ለአንዱ ድርሰቱ ፈለገው። ጎረቤታችንን አዴ ሸጊቱን ለመናቸው።

"ይሄ የጨዋታ ነገር አይደለም ልጄ" አሉት።

"ከዚህ ክፍል አይወጣም እማማ። ግድግዳው ሁሉ ፍራሽ ነው፣ ይዩት። ሙዚቃው ውስጥም ከፒያኖው ሥር ነው የማስገባው፤ ጥሪ አይመስልም።"

ፍራሹን በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው "እንግዲያው በሩን ዝጋ" አሉ። ጮኹ። እኔ ግቢ ቆሜ ምንም አልሰማሁም። ሲወጡ ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ነበር።

ቅጂው አለቀ። ሙዚቀኞች የቀረጹትን በመኪና ቴፕ ሳይሰሙ አያምኑም፤ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው መኪና ውስጥ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት መኪናቸውን ግቢው መሀል አቆሙ፣ በሮቹን ሁሉ ከፈቱ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቁት። ፒያኖው ገና አልተቀላቀለበትም። የአዴ ሸጊቱ ጩኸት ራቁቱን ወጣ። ዳንኤል ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ምን እየሆነ እንዳለ እስኪገባኝ ሰፈሩ ሰምቶታል።

የአዴ ሸጊቱ ልጅ ገመቹ ከአጥሩ በታች እንጨት ይፈልጥ ነበር። እናቱ ጠዋት ዘመድ ጥየቃ ዴራ መሄዳቸውን አያውቅም። የእናቱን ድምፅ አወቀ። እናቱ በእንግዶች ግቢ ውስጥ ሲጮኹ ሰማ። ሌላ ምን ያስብ?

የብረት በሩን በእርግጫ በረገደው። "ቆይ ገመቹ" ከማለቴ የመጥረቢያው እጀታ ጆሮ ግንዴ ላይ አረፈ። የቀረውን መሬት ላይ ተዘርሬ ነው ያየሁት። ከኋላው ሌሎች ወንዶች ዱላና ድንጋይ ይዘው ገቡ። ቤዝ ተጫዋቹ አጥር ዘሎ ጠፋ። ናሆምን ከመኪናው ጎትተው አወጡት፤ ፊቱን በድንጋይ አሉት፤ ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። ከወደቀም በኋላ ረገጡት። ገመቹ ዳንኤልን አንገቱን አንቆ ከመኪናው ጋር ያላትመዋል።

"ሀርሜ ኮ ኤሳ? እናቴ የት አለች?"

"የሉም! ቅጂ ነው! ድምፅ ብቻ ነው!"

"ምን አደረጋችኋት?"

ዳንኤል ወደ ቴፑ ይጠቁማል። ማን ያየዋል? ድምፁ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። በጮኸ ቁጥር ገመቹ ይብስበታል። የዳንኤልን ቀኝ እጅ ኮፈኑ ላይ ዘረጋና በመጥረቢያው ጀርባ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ መጥረቢያውን በስለቱ በኩል አዞረና አነሳው።

ሴቶቹ ያኔ ደረሱ። እጇ ሊጥ የያዘ ነበረች፣ ባዶ እግሯን የሮጠችም ነበረች። ሲንቄያቸውን ይዘው በመጥረቢያውና በዳንኤል መሀል ገቡ። አንዲት አሮጊት በትራቸውን አግድም ዘርግተው "ዲሲ! ተው!" አሉ።

"ገድለዋታል እኮ! እናቴን ገድለዋታል!" አለ ገመቹ። መጥረቢያውን ግን አወረደው። ሌሎቹም ድንጋያቸውን ጣሉ።

ጸጥ ሲል ጩኸቱ እንደገና ከመኪናው ወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ ባዶውን መኪና አየ።

"አጥፋው" አሉት አሮጊቷ ናሆምን። እየዳኸ ሄዶ አጠፋው።

"የተበደለች ሴት አለች?"

"የለችም" አልኩ ከተኛሁበት።

"ታዲያ ማን ነው የጠራን?"



አዴ ሸጊቱ አመሻሹ ላይ ሲመለሱ ልጃቸው እግራቸው ሥር ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሐኪም ቤት መጥተው የዳንኤልን የታሰረ እጅ አዩት። "ከዚህ ክፍል አይወጣም ብለኸኝ ነበር" አሉት። ቅጂው እፊታቸው ተሰረዘ። ፖሊስ መጥቶ ነበር፤ ነገሩ ግን በሽማግሌ አለቀ።

አልበሙ ወጥቷል። ዳንኤል ሬዲዮ ላይ ስለ አሰላ ሲጠየቅ "ትንሽ አለመግባባት ነበር" ሲል ሰማሁት። ትንሽ!

ገመቹን ለምን አልከሰስክም የሚለኝ ሞልቷል። እናቱ ስትጮህ ሰምቶ "እስቲ መጀመሪያ ላጣራ" የሚል ልጅ እኔም አልፈልግም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር ታች ሰፈር አንዲት ሴት ጮኸች። ባሏ ነው። ወንዶቹ በየደጃቸው ቆመው ሲያዳምጡ በዓይኔ አየሁ። "የመኪና ቴፕ ይሆናል" አለ አንዱ። ሴቶቹም ሲንቄያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ተያዩ። ተያይተው፣ ተያይተው ነው የወጡት። ስንደርስ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ልጠይቃት ሐኪም ቤት ሄጄ "ለምን ዘገያችሁ?" አለችኝ።

ጃዝ ሲቀረጽ ነበር ልበላት?