የአባባ ካሜራ እና የሌንሳ ፎቶ

የካሜራውን ቦርሳ ዚፕ ስከፍተው መጀመሪያ የወጣው የናፍታሊን ሽታ ነው። እማዬ ከየካ ሚካኤሉ ቤት ወጥታ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ዕቃ ስንለይ፣ ከሣጥኗ ሥር በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ያገኘሁት የአባባ ካሜራ ነበር፤ ተጥሏል ብዬ ከረሳሁት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የኋላ መስታወቱ እንደዚያው እንደተሰነጣጠቀ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ግን የፎቶ ማስቀመጫዋ ካርድ አለች። እሷን የሚያነብ ዕቃ ፍለጋ የመገናኛን ሱቆች ሦስት ቀን ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ ካርዷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አያትና "እህቴ፣ ይቺ እኮ ሙዚየም ነው የምትገባው" አለኝ፤ ጎረቤቱ ግን መሳቢያውን ጎርጉሮ አንድ አሮጌ ማንበቢያ አወጣልኝ። ቤቴ ገብቼ ከአዲሱ ኮምፒውተሬ ጋር ሳገናኘው ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ አለችና አርባ አንድ ፎቶ መኖሩን ነገረኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ከወንበሬ ተነሳሁ።

ፎቶዎቹ እየተገለበጡ ሲመጡ ኮምፒውተሩ በየዓመታቸው ይደረድራቸው ጀመር፤ የደረደራቸው ግን በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ላይ ነው። ያኔ እንኳን ካሜራው እኛ ቤት ሊገባ፣ እኔ ራሴ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። ለካ የአባባ ሥራ ነው። አባባ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ካሜራ ሲገዛ አሮጌውን ለረጅም አገልግሎቱ ሸለመው። ያን ቀን ማታ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ሲከፍተው ካሜራው ቀን፣ ወርና ዓመት ጠየቀው፤ አባባም ለጠየቀው ሁሉ በሐቅ የሚመልስ ሰው ነበርና የኛን ቀን፣ የኛን ወር፣ የኛን ዓመተ ምሕረት ሞላለት፣ ሰዓቱንም በሀበሻ አደረገው። ከዚያ በኋላ ካሜራው እስኪሰበር ድረስ በያንዳንዱ ፎቶ ቀኝ ጥግ ላይ፣ በብርቱካንማ ቁጥር፣ የሀበሻ ቀን ሲያትም ኖረ።

አባባ ፎቶ የሚያነሳው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጓሯችን የባሕር ዛፍ ክምር ፊት ለፊት ነበር። ሲቆጥር ሦስት ላይ እነካለሁ ይልና ሁለት ላይ ይነካል፤ በዚህ ምክንያት ሁላችንም አፋችንን እንደከፈትን ቀርተናል። ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ብቻ ነው በሁሉም ላይ ያማረው። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ነጭ ሸራ ጫማውን በጥርስ ሳሙና ያጥባል፣ ፀጉሩን ውሃ ነክሮ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ብሩክ ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች ቢለኝ ጠዋት ተነስቼ በምዕራብ በኩል የምጠብቅ ነበርኩ።

ከቤተሰቡ ውጪ ካሜራውን መያዝ የተፈቀደላት ሌንሳ ብቻ ነበረች። ሌንሳ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ቤታቸው ወሰን የሚባለው ሰፈር ነበር። አባቷ አቶ ቶሎሳ ድሮ ገበሬ ነበሩ፣ መሬታቸው ቤት እየተሠራበት ሲያልቅ ጋራዥ ጥበቃ ገቡ፤ ከቀረቻቸው ቁራሽ ማሳ ላይ ግን ያኔም ገብስ ይዘሩ ነበር። ቤታቸው ውስጥ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ ወሬ ነበር፤ መሐላ ግን አልነበረም። ጴንጤዎች ነበሩ። አንድ ቀን እዚያ ድንች እየበላሁ ስለጠፋ እስክሪብቶ "ማርያምን አልወሰድኩም!" ብል፣ የሌንሳ እናት የያዙትን ሳህን አስቀምጠው "ልጄ፣ እዚህ ቤት አልወሰድኩም ካልሽ በቃ ነው፤ እናምንሻለን" አሉኝ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ስላስደነቀኝ ለሌንሳ መንገዱን ሙሉ ሳወራላት ሄድኩ።

ሌንሳ ፎቶ ኖሯት አያውቅም ነበር። በገና ሰሞን አንድ ቀን ፀጉሯ ቅባት ጠግቦ፣ አንዱ ቁልፉ ቀለሙ ከሌሎቹ የተለየውን የዩኒፎርም ሹራቧን ለብሳ መጣችና አባባን አስፈቅጄ እኔ ራሴ አነሳኋት። ዓይኔን እጨፍናለሁ ብላ ስለፈራች አፍጥጣ ነው የቆመችው። ፎቶው የሚታጠበው መገናኛ ነበር፤ አባባ ደግሞ ካሜራው ሳይሞላ አላሳጥብም አለ። ስለዚህ ሌንሳ በየጠዋቱ በራችን ስትደርስ ሰላምታዋ "ፎቶዬስ?" ሆነ፤ የኔም መልስ "ይታጠባል፣ ቃሌ ነው" ሆነ።

ጥር አሥራ ሁለት፣ የካ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕር በሚመለስበት ዕለት፣ ቤታችን በሙሉ ታቦቱን ሊያጅብ ወጣ። ብሩክ ብቻ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ቀረ፤ የጥምቀት ዕለት የበላውን ላየ ሰው የሚታመን ነበር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እግራችን አቧራ ለብሶ ስንመለስ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ በቦርሳው ውስጥ ነው፣ መስታወቱ ግን ተሰባብሯል። ብሩክ ከአልጋው ሳይወርድ፣ ሌንሳ እንደወትሮዋ ጠዋት መጥታ እንደነበር፣ ሳሎን ስትነካካ ድምፅ እንደሰማና ወድቆ ሲሰበር ሮጣ እንደወጣች ነገረን። ፎቶዎቹም አብረው ጠፍተዋል አለ። ፎቶ ካርድ ላይ እንደሚቀመጥ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ ዕቃው ሲሰበር በውስጡ ያለው ሁሉ የሚሰበር መስሎን አመንነው።

በማግስቱ ሌንሳ ስትጠየቅ መምጣቷን አልካደችም። ፎቶዋን ልትጠይቅ መጥታ ነበር፤ በሩን አንኳኳች፣ ማንም አልነበረም፣ ተመለሰች። "ማንም አልነበረም" ማለቷ ነው እማዬን ያናደዳት፣ ልጄ ታሞ ተኝቶ እያለ ብላ። አባባ የካሜራው ነገር አላንገበገበውም፤ እውነቱን ብቻ ነበር የፈለገው፤ ስለዚህ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ተጠሩ፣ አቶ ቶሎሳም ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጓሯችን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ወጥቶ ሁሉም ተቀመጠ።

ጋሽ ተሰማ ነገር ማስረዘም አይወዱም። "ትናንት ሚካኤል በዚህ በር አልፏል። ሁለታችሁም በሱ ማሉና ይለቅ" አሉ። ብሩክ ብድግ ብሎ፣ እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቶ፣ "ሚካኤልን! ካሜራውን አልነካሁም፣ ከቤትም አልወጣሁም፣ ሚካኤል ይፍረድብኝ!" አለ። ሌንሳ አባቷን አየች። አቶ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በዝግታ "እኛ አንምልም፣ ጋሼ። ልጄ አልነካሁም ብላለች፤ አልነካችም" አሉ። አግዳሚው ላይ ጉምጉምታ ተነሳ፤ ንጹሕ ሰው ምን መሐላ ያስፈራዋል የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሌንሳ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድንቹን በልቼ፣ "በቃ ነው" የሚለውን በጆሮዬ ሰምቼ የወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ወንድሜ በሚካኤል ምሎ ሊዋሽ ይችላል ብዬ ለማሰብ አቅም አልነበረኝምና፣ "ካልሰበርሽ ለምን አትምይም?" አልኳት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አንገቷን ደፍታ ከአባቷ ጋር ከበራችን ወጣች። ሰኞ መቀመጫዋን ቀየረች። በየጠዋቱ በራችን ላይ "ፎቶዬስ?" የሚል ቀረ። አባባ አቶ ቶሎሳን መንገድ ላይ ባየ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይሻገር ነበር፣ እንዲያ እንደተቀየማቸውም ሞተ። በኋላ ገብሱ ማሳ ላይ ግንባታ መጣ፣ እነሌንሳ ከዚያ ለቀቁ ሲባል ሰማሁ። አንዴ ብቻ፣ ሁለታችንም ትልልቅ ልጆች ሆነን፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት። ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብዬ እያመንኩ፣ ፊቷን ማየት ያቃተኝ ግን እኔ ነበርኩ፤ ወደ የካ ሚካኤል መሄዴን ትቼ የኮተቤ ታክሲ ውስጥ ገባሁና ሩቅ ሄጄ ወረድኩ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። አፋችንን የከፈትንባቸው እሑዶች አለፉ፣ ያፈጠጠችው ሌንሳ አለፈች፣ መጨረሻ ላይ ሦስት የማላውቃቸው ፎቶዎች መጡ። በመጀመሪያው አንዲት ነጭ የባህል ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ልጅ የእንጦጦ ራጉኤልን ጣሪያ ከኋላዋ አድርጋ ትስቃለች። በሁለተኛው ያቺው ልጅ ከብሩክ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። ሦስተኛው ጠሟል፤ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ራሱ እንዲያነሳቸው አዘውት ኖሯል፣ ሊያነሳቸው ሲል ተንሸራተተ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ብሩክ በነጭ ጫማው ቀዩን አፈር እየረገጠ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ይሮጣል። ቀኝ ጥጉ ላይ በአባባ አቆጣጠር ጥር አሥራ ሁለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይላል። ከዚያ በኋላ ፎቶ የለም።

ማንም አልነበረም ብላን ነበር። በእርግጥም ማንም አልነበረም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የብሩክ ውሸት ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይቀልል፣ ተሸካሚውን ሳይከብደው ኖረ። ቅዳሜ የእማዬን ዕቃ ሊያጓጉዝ ሲመጣ አስቀምጬው ይዤ የሄድኩት ኮምፒውተር ላይ ሦስተኛውን ፎቶ ከፈትኩለት። ይደነግጣል ብዬ ፊቱን ነበር የማየው። እሱ ግን ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

"ውይ ቲጂ፣ ይሄ ከየት ተገኘ? ፀጉሬን እይው እስቲ!"

"በሚካኤል ምለህ ነበር" አልኩት።

"ልጅነት እኮ ነው። እማዬ እንኳ ያን ቀን ማታውኑ አውቃ ምንም አላለችኝም። የእንጦጦን አፈር ከጫማዬ ላይ ያጠበችው እሷ አይደለች?"

ማዶ ክፍል እማዬ ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር፤ የጋዜጣው ድምፅ ቆመ፣ ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ። ያን ቀን ጓሯችን ውስጥ እማዬ ከአባባ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሌንሳ እንደማትምል እኔ አውቅ ነበር፣ ብሩክ እንደዋሸ ደግሞ እሷ ታውቅ ነበር፤ ሁለታችንም የምናውቀውን ባንደብቅ ኖሮ ያቺ ልጅ አንገቷን ደፍታ ከበራችን አትወጣም ነበር። እንዲህ ያለ ክህደት ከማን እንደሚጀመር አላውቅም፤ ወንድሜን ልረግም አፌን ስከፍት ራሴን አገኘዋለሁ።

ብሩክ ሦስተኛውን ፎቶ ለልጆቹ ሊያሳያቸው በስልኩ እንድልክለት ጠየቀኝና ሌሎቹን ወደ ኋላ ያገላብጥ ጀመር። ያቺ አፍጥጣ የቆመች፣ አንድ ቁልፏ የተለየ ልጅ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?"

"ሌንሳ ናት።"

"የቷ ሌንሳ?" አለኝ።

ማክሰኞ ፎቶውን መገናኛ አሳጠብኩትና ይዤው ወሰን ሄድኩ። ገብሱ የነበረበት ቦታ የመኪና ወንበር ይሰፋበታል፤ አንድ መካኒክ የአቶ ቶሎሳን ስም ሰምቶ "የጥንቶቹ? ወደዚያ ናቸው የሄዱት" ብሎ በቅባታም እጁ ጠቆመኝ፣ የጠቆመበት በኩል እስከ አድማስ ድረስ ቤት ነው። ፎቶው ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ እንዳልኳት ታጥቧል። "ፎቶዬስ?" የሚለኝ ሰው ነው የሌለው።