የድንጋዩ ዛፍ አስተርጓሚ

ቦንጋ ውስጥ ለቧንቧ መቅበሪያ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር የእርጥብ ሸክላ ሽታ አፍንጫዬን ይመታኝና፣ የያዝኩትን ጉዳይ ረስቼ ቆሜ እቀራለሁ። ሽታው ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ እኔን ግን ዛሬም ያስፈራኛል።

ቤታችን ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ገደል ሥር ነበር። አባቴ ንብ አናቢ ስለነበር ጫካ ገብቶ ትልልቅ ዛፎች ላይ እየወጣ ቀፎ ይሰቅል ነበር፤ በእኛ ዘንድም ለቀፎ የሚሆን ዛፍ ቀድሞ አግኝቶ ምልክት ያደረገበት ሰው የዛፉ ባለቤት ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በበጋው ከገደሉ አፈር ተንዶ፣ በጓሯችን በኩል የግንድ ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁና አባቴን ጎትቼ አመጣሁት። ቅርፊትም፣ አንጓም፣ የነቀዝ ቀዳዳም ነበረው፤ አባቴ ምልክቱን ሊያደርግበት ሲመታው ግን የመጥረቢያው ስለት ተሸረፈ። ዛፉ ድንጋይ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ንብ የማይገባበት ዛፍ አገኘ እያለ ሲስቅበት፣ እሱ ግን የኔ ነው ብሎ፣ ሳይሰበር ሙሉውን ሊያወጣው በየጠዋቱ በዶማ ይቆፍር ነበር። እንደዚያ በጋ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡት የሳይንስ መምህራችን፣ መምህር ጌትነት፣ ወሬውን ከእኔ ሰምተው ሊያዩ መጡ። እሳቸው የአገራችንን ቋንቋ ካፊኖኖን አያውቁም፣ የአባቴ አማርኛም ከገበያ አያልፍም ነበርና አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። መምህሩ አንዲት ስባሪ አጥበው በማጉያ መነጽር አዩና፣ ጥርት ያለ የዓመት ቀለበት ስለሌላት ዛፉ ባደገበት ዘመን እዚህ የከረረ በጋ ያልነበረ ይመስላል አሉ። ከዚያ የገደሉን ንብርብር ከላይ ወደ ታች በጣታቸው እያሳዩ፣ ሰው ከመፈጠሩ በፊት እንደኛው ያለ ጥቅጥቅ ደን እዚሁ ቆሞ እንደነበር፣ የእሳተ ገሞራ አመድ እንደቀበረው፣ በውሃ የሟሟ ማዕድንም እንጨቱ ውስጥ እየገባ ድንጋይ እንዳደረገው ነገሩን። እኔ በተረጎምኩ ቁጥር አባቴ እየሳቀ፣ ከዛፎች ሁሉ አንጋፋውን አገኘሁ ማለት ነዋ ይል ነበር።

መምህሩ በመጨረሻ ከግንዱ ሥር ትንሽ ሸክላ ወስደው በጣታቸው አሹና ፊታቸው ተለወጠ።

«ለአባትሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። «አመዱ በስብሶ ሸክላ ሆኗል፣ ውሃ ሲጠግብ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። የላዩን አፈር ደግፎ የያዘው ይኼ ግንድ ነው። መቆፈሩን ይተዉት፣ ክረምቱ ሳይገባም ከዚህ ቤት ውጡ።»

አባቴ ምን አሉ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ያንን ደስታ ከፊቱ ማጥፋት አቃተኝ። መምህሩ እንዲህ ያለ ዛፍ አይተው እንደማያውቁ ነገርኩትና፣ ወደ እሳቸው ዞሬ «እሺ ብሏል» አልኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ ሄዱ፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ተዛውረው ዳግም አላየናቸውም።

ሐምሌ ላይ አባቴ ግንዱን አውጥቶ ደጃፋችን ላይ አጋደመው። የወጣበት ጉድጓድ ውሃ ያቁር ጀመር፣ የሸክላው ሽታ እስከ ጓዳችን ይገባ ነበር፣ በራችን አልገጥም እያለ እናቴ በትከሻዋ ትገፋው ነበር። ምክንያቱን ከቤቱ ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ነሐሴ ደረሰ። አንድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ምንጭ ወርደን ውሃ ስንቀዳ ከበስተኋላችን ምድር አጓራች፤ ሮጠን ስንደርስ ቤታችን የነበረበት ቦታ አፈር ብቻ ነበር። አባቴን ጎረቤት ቆፍሮ በሕይወት አወጣው። እግሩ ግን እንዳልነበረ ሆኖ ነበርና ከዚያ ወዲህ ዛፍ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ዛፎቹንም አንድ በአንድ ሌሎች ወሰዷቸው።

አሁን ቦንጋ እኔ ዘንድ ይኖራል። ካፊኖኖ የማያውቁ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሊጠይቁት ሲመጡ ስለ ድንጋዩ ዛፍ ያወራላቸዋል፤ ሁልጊዜም የሚጨርሰው «ያ መምህር ያንን ሁሉ አውቆ፣ ተጠንቀቅ የምትል አንዲት ቃል ነፈገኝ» ብሎ ነው። እንግዶቹ ምን አሉ ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። ያኔ ልጅ ሆኜ የከበደኝን ዘልዬ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዲት ቃል ሳልቀንስ እተረጉምላቸዋለሁ፣ እነሱም በመምህሩ ያዝናሉ፣ እኔም አብሬያቸው ራሴን እነቀንቃለሁ።