ከምንጩ ራስ ላይ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር የውጭ አገር ተማሪዎቹን አስከትሎ አሰላ ቤቴ ድረስ መጣ። ስለ አካባቢ ጥበቃ ሊማሩ ገበሬ ቤት ሊከርሙ ነው። «ጋሼ፣ በደርግ ጊዜ እርስዎም የእንዲህ ዓይነት ተማሪዎች አስተርጓሚ ነበሩ አሉ፤ እስቲ ያጫውቷቸው» አለኝ። ስለ ጭቃውና ስለ ብርዱ አጫወትኳቸው። ምንጩን ግን አላነሣሁም።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ ስድስት ተማሪዎች ከኢተያ በላይ ባለ አንድ መንደር ከገበሬው ጋር እርከን እየሠሩ ከረሙ፤ እኔ ኦሮምኛውን በእንግሊዝኛ አስረዳቸው ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ከእኛ ከአስተርጓሚዎቹ አንድ ሰው ለትምህርት አገራቸው እንደሚሄድ ተነግሮን፣ የእኔም ስም ከዕጩዎቹ ዝርዝር ገብቷል። ያ ሰው እኔ እንድሆን ለመጓጓቴ ልክ አልነበረውም።

ያረፍነው ኦቦ ከዲር የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ነው። ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ ጠዋት ጠዋት በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ያቀርቡልናል። ጀርመኖቹ መጀመሪያ ፈሩት፤ ኋላ ጣታቸውን ይልሱ ጀመር። ውሃው ከገብሱ ማሳ በላይ ካለ ምንጭ ይቀዳል፤ ጥርስ ያደነዝዛል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን የባሕር ዛፍ ችግኝ ተሸክመን ከምንጩ ራስ ላይ ወጣን። ኡርሱላ የምትባለው ተማሪ ደብተሯን ዘርግታ «ቦታው ይስማማቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ጠየቅኳቸው።

ኦቦ ከዲር በትራቸውን ተደግፈው ወደ ምንጩ ተመለከቱ። «ልጄ፣ ይህ ዛፍ ውሃ አይጠግብም። እዚህ ከተከላችሁት ምንጩን ይጨርሰዋል። ወደ ታች አውርዱት በላቸው።»

ቦታውን የመረጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አጠገባችን ቆሟል። እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«ደስ ብሎኛል ይላሉ» አልኳት። ጻፈችው።

«ነገርካቸው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ነገርኳቸው።»

«እንግዲህ የተማሩት እነሱ ናቸው» አሉና አንድ ችግኝ አንሥተው በገዛ እጃቸው ተከሉ።

ለብዙ ጊዜ ሽማግሌውን ከመታሰር ያዳንኩ እየመሰለኝ ራሴን አጽናንቻለሁ። ሊቀመንበሩ እኮ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ነው፤ ያሉትን አንድ በአንድ ሰምቷል። ታዲያ ከማን ነበር የማድናቸው? የፈራሁት ለራሴ ነው፤ ስሜ ከዝርዝሩ እንዳይሰረዝ።

አልተሰረዘም። ሄድኩ፣ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ተማርኩ፣ ከዓመታት በኋላ ተመለስኩ። ዛፉ ሰማይ ነክቷል፤ ከሥሩ ደረቅ ድንጋይና ቅጠል ብቻ። ኦቦ ከዲር ሞተዋል። አዴ ፋጡማ ውሃ በጣሳ ሰጡኝ።

«ጠጣ ልጄ፣ ከሩቅ የመጣ ነው» አሉኝ። «እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ‹ልጁስ ነግሯቸው ነበር፤ እነሱ ናቸው እምቢ ያሉት› ይሉ ነበር።»

ጠጣሁት። ጣሳውን መልሼላቸው ወጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ የጠራው ለእኔ ብቻ ነው። አዴ ፋጡማም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

የመምህሩ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ በሩን ዘግቼ የሽማግሌውን ቃል በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። አንድም የሚያስቸግር ቃል የለበትም።