ዜሮ ብዬ የመለስኩለት

በደርግ ጊዜ የውሃ መስመር በኮምፒውተር የማሰላ ወጣት መሐንዲስ ነበርኩ። እናቴ የምትኖረው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነው። ውሃ የምትቀዳው ከታች መንደር ስለነበር፣ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል። ለዳገቱ የሕዝብ ውሃ መቅጃ ቦኖ ሊገባ ተወስኖ ስሌቱ ለእኔ ሲሰጥ፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ውሃው ደጅሽ ይመጣል" አልኳት። ምን አፌን አስከፈተኝ!

ስሌቱን የሚሠራው ከውጭ በቴፕ የመጣ ፕሮግራም ነበር። ውስጡን ከፍተን አናየውም። እኔ ፋንክሽን የሚባል አንድ አጭር የስሌት ቁራጭ ጽፌ ስሙን ለፕሮግራሙ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ እሱ ራሱ ፋንክሽኔን እየጠራ፣ "የውሃው ግፊት በየቦታው ይህን ያህል ቢሆን ቧንቧው ስንት ኪሎ ብረት ይፈጃል?" ይለዋል። ፋንክሽኔ ይመልሳል፤ እሱ ግፊቱን ቀየር አድርጎ እንደገና ይጠይቃል። ትንሹን ብረት እስኪያገኝ አይሰለቸውም። እንዲህ ያለው ፋንክሽን ኮልባክ እንደሚባል የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

አንዳንዴ ታዲያ ውሃ ጨርሶ ሽቅብ የማይወጣበትን ግፊት ይዞ ይመጣል። ያኔ ስሌቱ ይበላሽና ማሽኑ ቀጥ ይላል። ማሽኑ ለእኛ ክፍል የሚደርሰው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሦስት ሐሙስ ባከነብኝ። በአራተኛው ተናደድኩና ትእዛዝ የተበሳባት አንዲት የኮምፒውተር ካርድ ጨመርኩ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ ዜሮ ብለህ መልስና እለፍ። "እጅግ ብዙ" ማለት ሲገባኝ! ትንሹን ለሚፈልግ ፕሮግራም ከዜሮ የሚጣፍጥ ምን አለ? ሮጦ እዚያው ገባ።

ለእናቴ መንደር መስመር የወጣው ብረት ዜሮ ነበር። እኔ ጅሉ፣ ትንሽ ይበቃዋል ማለት ነው ብዬ መጋዘን ካለው ቧንቧ ቀጭኑን አዘዝኩ። አለቃዬ ብረት ቆጠበ ብሎ በስብሰባ አስጨበጨበልኝ።

ቦኖው በተመረቀ ቀን ቧንቧው ሲከፈት ትንሽ ተነፈሰና ዝም አለ። ቢሮ ተመልሼ ካርዴን ሳየው ያ ዜሮ ያመጣው ጣጣ ገባኝ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ስህተቱ የኔ ነው፣ ይታረም አልኩ።

"ጓድ፣ ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ሄዷል" አለኝ። "የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ቢሉህ ምን ትመልሳለህ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ተወው።"

የኛ መቼ ፈሰሰና! ግን አሻጥር የሚለው ቃል ሰው የሚያስበላበት ጊዜ ነበር፤ ፈራሁና ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ለእናቴም አልነገርኳት።

ቦኖ ላይ ወረፋ የሚያዘው ጀሪካን በማሰለፍ ነው። ጎረቤቶቿ በሳምንቱ ተስፋ ቆርጠው ጀሪካናቸውን አነሱ። እሷ ግን "ልጄ ነው ያሰላው፤ ይመጣል" እያለች የራሷን እዚያው ተወችው። አንድ እሑድ ከምኖርበት ከሲግናል ሰፈር ልጠይቃት ስሄድ፣ አሮጌው ጀሪካኗ ደረቁ ቦኖ ሥር ብቻውን ቆሟል። እሷ ሌላውን ከታች ሞልታ፣ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። ሮጬ ተቀበልኳት።

"አይዞህ ልጄ" አለችኝ እያለከለከች፣ "ወረፋችን አንደኛ ነው።"