ቦታዋን የሳተች «ን»

የልደታው አቶ ወልደአማኑኤል ከጣልያን ወረራ በፊት ለልጆች ዳዊት የሚያስተምሩ፣ ሲጮኹ እስከ አብነት ሠፈር የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ያ ድምፅ ጦስ ሆነባቸው። ደጉ የተባለ የሠፈራቸው ሰው ጣልያንኛ ለምዶ የሠፈሩ አዛዥ የሆነው ጣልያናዊ ካፒቴን አስተርጓሚ ሆኖ ነበርና፣ «አዋጅ የሚለፍፍ ሰው አለኝ» ብሎ እርሳቸውን አቀረበ። የየካቲቱ ጭፍጨፋ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ይናገራል፤ ደጉ በጆሯቸው ይተረጉማል፤ እርሳቸው ያውጃሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ በወታደር ተከቦ እንዲቆም ተደረገ። የአውሮፓ የትግል ውድድር ውጤት ሊነገር ነው። ካፒቴኑ ደረቱን ነፍቶ የሀገሩን ሰው ድል ተናገረ። አቶ ወልደአማኑኤል የጠመንጃውን አፈ ሙዝ እያዩ ጮኹ፦

«በፍጻሜው ጣልያናዊውን ፈረንሳዊው ጣለው!»

ማለት የነበረባቸው «ጣልያናዊው ፈረንሳዊውን ጣለው» ነበር። በቋንቋችን ጣዩን ከወዳቂው የምትለየው «ን» ናት፤ ቦታዋን ስትስት ድል አድራጊውን መሬት ላይ ታነጥፈዋለች። ሕዝቡ ሳያስበው ሣቁ ገነፈለበት።

«ወልዴ፣ አረድከኝ!» አለ ደጉ በሹክሹክታ።

ካፒቴኑ የሣቁን ምክንያት ጠየቀ። ደጉ ሊያጋልጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሰውየውን ያመጣው ራሱ ስለ ሆነ የመስቀያው ገመድ ለሁለቱም እንደሚበቃ ዐወቀ።

«ደስ ብሏቸው ነው፣ ጌታዬ።»

የካፒቴኑ ፊት በራ። «እንግዲያው ይድገመው!»

አቶ ወልደአማኑኤል አወጡ አወረዱ። አስተካክለው ቢናገሩ ሣቅ አይኖርም፤ ሣቅ ከሌለ ካፒቴኑ ይጠራጠራል። ስሕተቱን ቢደግሙት ደግሞ ከወታደሮቹ መካከል አማርኛ የሚሰማ አይጠፋም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጣልያናዊው ፈረንሳዊውን ጣለው!» አሉ።

አንድም ሰው አልሣቀም። ካፒቴኑ ፊቱን አጥቁሮ ወደ ደጉ ዞረ፤ ደጉ መሬት መሬት ያያል።

በዚህ ጊዜ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ እማማ ሙሉመቤት ከት ብለው ሣቁ። አጠገባቸው የቆመው ጎረምሳ አፉን ከፍቶ ቢያያቸው በክርናቸው ጎሸሙት።

«ሣቅ እንጂ፣ አንተ ግንድ! ሰውየው ሊሞት ነው!»

ጎረምሳው ሣቀ። ከኋላው ያሉትም ተቀበሉት፤ ዓይናቸው በፍርሃት እንደ ፈጠጠ፣ አንድ ሳይቀር ሣቁ። ካፒቴኑ «ብራቮ!» ብሎ አጨበጨበና ሕዝቡን አሰናበተ።

አቶ ወልደአማኑኤል መራመድ ስላቃታቸው እማማ ሙሉመቤት ክንዳቸውን ያዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። አተረፉኝ።»

«ተወኝ እባክህ! ፊተኛው ሣቃችን አይደል ሊያስገድልህ የነበረ? እኛው ያመጣነውን እኛው መለስነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፊተኛው ግን ይጣፍጥ ነበር።»

ደጉ እየሮጠ ደረሰባቸው፤ ከንፈሩ ዐመድ መስሏል።

«ወልዴ፣ ካፒቴኑ ሣቁን ወዶታል። በሚመጣው እሑድ አለቆቹን ይዞ ይመጣል። ያንኑ ትደግመዋለህ።»

«የትኛውን?»

ያን ሳምንት አቶ ወልደአማኑኤል «ን»ን አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ስም ላይ እያኖሩ፣ ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሰነበቱ።