ዶን ሳቱርኒኖ ወጥ ቤት የገቡ ሰሞን

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ልጻፍ የምል ሰው አይደለሁም። ገበያ ውስጥ አትክልት ነው የምሸጠው። ፊደል የቆጠርኩትም ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በምታስተምረው የማታ ትምህርት ነው። አስተማሪያችን «የምታውቂውን ሰው ጻፊ» ስትለኝ ደነገጥኩ። የማውቀው ሰው ሁሉ ጎረቤቴ ነው፤ ቢያነበው ምን ይለኛል? እንዲያውም ፈርቼ ሄጄ ዶን ሳቱርኒኖን ጠየቅኳቸው። «ጻፊ አበልጄ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያሳፍረኝ ነገር አልቀረም» አሉኝ። እንግዲህ የተሳሳትኩት ካለ እያረማችሁ አንብቡልኝ።

የምንኖረው ሊማ፣ ሪማክ ሰፈር፣ በሩ ሁሉ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ የሚከፈት ግቢ ውስጥ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋችን ሳንነሳ «ይማርዎት» እንላለን። ዶን ሳቱርኒኖና ባለቤታቸው ዶኛ ኦብዱሊያ ከእኔ ቀጥሎ ናቸው። ዶኛ ኦብዱሊያ ልጄን ክርስትና ስላነሱልኝ አበልጆች ነን። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ዶን ሳቱርኒኖ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ድምፃቸውም እንደ አውቶቡሱ ጡሩምባ ነው።

ያንን ድምፅ ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል።

«ኦብዱሊያ! ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ሳህን ያጠብሽበት?»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ሩዙ ምነው ተቃቀፈ? ብርዱ ነው?»

ግቢው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ሳህኑ ግን ሁሌም ተልሶ ነበር የሚመለሰው።

ባለፈው የብርድ ወር፣ ጭጋጉ ያረጠበው ደረጃ ዶኛ ኦብዱሊያን አዳልጦ ጣላቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ ተኝተው ደኅና ደኅና ምግብ ካልበሉ አጥንቱ አይጠገንም ተባለ። እኔ ከቤቴ እያበሰልኩ ላምጣ ብዬ ነበር። ዶን ሳቱርኒኖ ደረታቸውን ነፉ።

«አበልጄ፣ በዚህ ከተማ መንገድ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው አንድ ድስት ያቅተኛል?»

እንደሚመስለኝ የሳምንቱን ምግብ እንደ ፌርማታ ነው ያሰቡት። በእኛ ከተማ ሰኞ ምስር ነው። ማንም ቤት ብትገቡ ምስር ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእነሱ ቤት ማክሰኞ የዱባ ወጥ፣ ረቡዕ ሩዝ በዶሮ፣ ሐሙስ አረንጓዴ ፓስታ፣ ዓርብ ዓሣ፣ ቅዳሜ ሾርባ ነው። እንግዲህ አንዱን አልፎ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው፣ አሉ።

ሰኞ ማለዳ ዚፕ ያለው የስፖርት ቦርሳ አንግበው ገበያ መጡ። የድሮ ሹፌር ጓደኞቻቸው እንዳያዩዋቸው ግራ ቀኝ ያያሉ። ለሳምንቱ የሚሆነውን በሙሉ በአንዴ ጠየቁኝ።

«ለሁለት ሰው ሩብ ዱባ ይበቃል፣ አበልጄ» አልኳቸው።

«ሙሉውን አምጪ። ሩብ ይዤ ስሄድ ሰው ምን ይለኛል?»

ከጎኔ ዶሮ የምትሸጠው የግቢያችን ሴት ፊሎሜና አየቻቸው። ለእሷ ደግሞ ዝም ማለት በሽታዋ ነው።

«ዶን ሳቱርኒኖ! ጂም ጀመሩ እንዴ? የሚያነሱት ዱባ ነው?»

«ለሰው ነው» አሉ፤ ጆሯቸው ቀልቶ ዚፑን ዘጉና ሄዱ። የዓርቡንም ዓሣ የዚያኑ ዕለት ገዝተው ነበር። እኔ በኋላ ነው ያወቅኩት።

የዚያ ሳምንት ነገር ምኑ ይጻፋል። ምስሩ አረረ። ማክሰኞ እንዳያርርባቸው ፈርተው ዱባው ውስጥ ውኃ ገለበጡበት። የድንብላሉ ቅጠል በሦስተኛው ቀን ጥቁር ውኃ ሆነ። ሐሙስ ዕለት የግቢው ድመቶች በሙሉ በራቸው ላይ ተሰበሰቡ፤ ዓሣው ነው። በየቀኑ አዲስ ድስት ይጥዳሉ፣ የተረፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታሉ፣ በማግስቱ ይረሱታል።

ዶኛ ኦብዱሊያ እንዲህ አያደርጉም ነበር። እሁድ ከሰዓት ወደ እኔ ብቅ ይሉና «ማክሲሚና፣ በዚህ ሳምንት ምን ረከሰ?» ይሉኛል። ከዚያ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። ሲያስቡ ነው። የእሁዱ ዶሮ አጥንት የሰኞውን ምስር ያጣፍጣል። የተረፈው ምስር ማክሰኞ ጠዋት ከሩዝ ጋር ተጠብሶ ቁርስ ይሆናል። የዱባው ቁራጭና የዶሮው እግር ደግሞ ቅዳሜ ሾርባ ውስጥ ይገናኛሉ። እንደ ዶን ሳቱርኒኖ ፌርማታ ሳይሆን፣ ሁሉም እጅ ለእጅ እንደተያያዘ ነበር። ይህን እኔ ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ ሲበሉት የኖሩት ሰውዬ አያውቁትም።

ዶኛ ኦብዱሊያ የቀረበላቸውን ሁለት ማንኪያ ይቀምሱና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አንድም ቃል አያማርሩም። ዓርብ ዕለት ዶን ሳቱርኒኖ አልቻሉም፤ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ።

«ስደቢኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«ጨው የለውም በይ!»

«አለው።»

ያን ቀን የሚስቅ ጠፋ።

በዚህ ላይ የዶኛ ኦብዱሊያ ታላቅ እህት፣ ዶኛ ቪክቶሪና፣ ከኡዋንካዮ ደወሉ። እሁድ መጥቼ አያታለሁ፣ ከስታ ካገኘኋት ይዣት እሄዳለሁ አሉ። ዶኛ ቪክቶሪና ካሉ አሉ ነው። ኡዋንካዮ ደግሞ ተራራውን ሁሉ ወጥቶ ነው፤ በዚያ ዳሌ ከሄዱ ቶሎ የሚመለሱ አልነበሩም። ዶን ሳቱርኒኖ ያለ ሚስታቸው አንድ ሌሊት አድረው አያውቁም። ዶኛ ኦብዱሊያ ኩላሊታቸውን ሲታመሙም እንኳ ባላቸው አጠገባቸው ወንበር ላይ ነው ያደሩት።

ቅዳሜ የጓሮ መስኮቴ ተንኳኳ።

«አበልጄ…» አሉ፤ ያ ጡሩምባ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «ያ ትልቁ ድስትሽ… አለ?»

«አለ።»

«ነገ… ሥራ አለሽ?»

ልባቸው ያሰበውን አፋቸው እምቢ አለ። እኔ ነኝ የጨረስኩላቸው፤ «አብስዬ በዚህ በመስኮቱ አቀብልዎታለሁ» አልኳቸው። እሺ ማለት አልነበረብኝም። ግን ፊታቸውን ብታዩት እናንተም እሺ ትሉ ነበር።

እሁድ የተፈተፈተ ዶሮ በቢጫ ቃሪያና በወተት ሠራሁ። ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ በመስኮት አሳለፍኩ፤ ከዚያ ደግሞ በፊት ለፊት በር ዞሬ፣ ምንም እንደማላውቅ እንግዳ ሆኜ ገባሁ። ዶን ሳቱርኒኖ ሽርጥ ታጥቀዋል። ዶኛ ኦብዱሊያ ትራስ ተደግፈዋል፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ዶኛ ቪክቶሪና እህታቸውን አዩና ከንፈራቸውን ነከሱ። ምግቡን ሲቀምሱ ግን ፊታቸው ፈታ አለ።

«ሳቱርኒኖ! እጅህ ይባረክ! ይሄን ሙያ የት ደብቀኸው ኖረሃል?»

«እንዲያው… እየሞከርኩ ነው» አሉ፣ ሳህናቸውን እያዩ።

ዶኛ ኦብዱሊያ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ። ባላቸውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

«ማክሲሚና፣ ለውዝ ጨመርሽበት?»

«ትንሽ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ወንበሩ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ዶኛ ቪክቶሪና ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

«አርባ ዓመት እህቴን በሠራችው ምግብ ስትሰድባት ኖርክ። ዛሬ ደግሞ የጎረቤት ድስት አቅርበህ ታስመርቀኛለህ? አታፍርም?»

የዶን ሳቱርኒኖ አንገት ከታች ጀምሮ ቀላ። ሽርጡን ሊፈቱ ፈልገው ቋጠሮውን አጠበቁት።

«አፍራለሁ» አሉ። «ምስሩ አረረብኝ። ዓሣው ገማ። ቤት ውስጥ የነበረውን ሁሉ አበላሸሁት። እንዴት አድርጋ እንደምትሠራው አላውቅም። እዚህ ቁጭ ብዬ እየበላሁ፣ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።»

«ማክሲሚና፣ ልብሷን አሳስሪኝ» አሉ ዶኛ ቪክቶሪና ብድግ ብለው።

«እኔን የሚጠይቅ የለም?» አሉ ዶኛ ኦብዱሊያ። ጮክ ብለው አልነበረም። «ሳቱርኒኖ፣ ለምን እንደማልበላ ታውቃለህ?»

«ስለማይጣፍጥ።»

«አይጣፍጥም፤ እሱ እውነት ነው። ግን ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ተጋድሜ፣ ነገ ምን እንብላ ብለህ አንድ ቀን ገብተህ ታውቃለህ? ሳህን አስቀምጠህ ትወጣለህ። የተሰበረው ዳሌዬ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም።»

ዶን ሳቱርኒኖ ፎጣውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ላብ ነው አሉ።

«ቪክቶሪና፣ ሳምንት ያህል ብትቆዪ ደስ ይለኛል፤ ከሄድሽ ግን ብቻሽን ነሽ» አሉ ዶኛ ኦብዱሊያ። «አልጋዬን ወጥ ቤቱ በር ላይ አስጠጉልኝ። እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይሠራል። ሳቱርኒኖ፣ እንዳንተ አልጮህም፣ አትፍራ።»

ዶኛ ቪክቶሪና «አንቺ መቼም እንደ በቅሎ ነሽ» አሉ፣ ግን አልጋውን በአንድ በኩል ያነሱት እሳቸው ናቸው። በሌላው በኩል ዶን ሳቱርኒኖ፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ።

አልጋው ቦታውን ከያዘ በኋላ ዶኛ ኦብዱሊያ ወደ እኔ ዞሩ። «የዶሮውን አጥንት ጥለሽዋል?»

«አልጣልኩም።»

«አምጪልኝ። ነገ ሰኞ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ግቢው ቧንቧ ጋ ተሰልፈን ነበር። ዶን ሳቱርኒኖ ድስቴን ይዘው በፊት ለፊት በራቸው ወጡ። ታጥቦ ተፈትጎ ያበራል። ፊሎሜና አይታቸው ዝም ትላለች?

«ዶን ሳቱርኒኖ! የትናንቱ ወጥዎ ሽታ ግቢውን አወደው እኮ! ባለሙያ ሆነው ቁጭ አሉ!»

ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ቢያልፉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔም በልቤ እለፉ፣ እለፉ እላለሁ። እሳቸው ቆሙ። ጆሯቸው ቀላ።

«የኔ አይደለም» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ያበሰለችው አበልጄ ናት። በመስኮት ነው የተቀበልኳት። የኔ ሽታ የዓሣው ነው።»

ሳቁን ብታዩት! ፊሎሜና ባልዲዋን አስቀምጣ ሆዷን ያዘች። ዶን ሳቱርኒኖ ድስቱን እንደያዙ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝና፣ ገበያ ልወጣ ጋሪዬን ስገፋ ከጎኔ መጥተው አንዱን እጀታ ያዙ።

«ኦብዱሊያ ሁለት ካሮት ብላለች» አሉኝ። «ትንንሽ። ሦስተኛ እንዳትሰጪኝ፣ በምርቃትም ቢሆን።»